የሰባተኛውን መቃብር ዘግተው ስለተወቀሱት ስለ ዶክተር ኾርሎ ባዛራግቻ ኅልፈት

ከሻርሞድ ሸለቆ ጥንታዊ መቃብሮች ጥናትና ጥበቃ ማኅበር፤ ለማኅበሩ ሠራተኞችና አባላት፣ ለሸለቆው አርብቶ አደሮችና ለሕዝብ በሙሉ።

የማኅበራችን መሥራች አባልና ለአሥራ አራት ዓመታት የመስክ ቁፋሮ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኾርሎ ባዛራግቻ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ረፋድ ላይ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐርፈዋል። በኅልፈታቸው የተሰማን ሐዘን ከባድ ነው። በእንዲህ ያለ መግለጫ ላይ «ጥልቅ ሐዘን» ብሎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም እኛ ከሐዘኑ ጋር ሌላ ነገር አለብን፤ እሱም እፍረት ነው። ሁለቱን ለያይተን ማቅረብ ስላልቻልን አንድ ላይ እንናገራለን።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተረቅቋል። የመጀመሪያው ረቂቅ ግማሽ ገጽ ሲሆን «ትሑት፣ ታታሪና ሙያቸውን አክባሪ ነበሩ» ይላል፤ ስሙን ለውጦ ለማንም ሟች ማንበብ ይቻል ነበር። ሁለተኛው ሲነበብ የቀድሞው ሊቀመንበራችንና የአሁኑ የክብር አባል ፕሮፌሰር ፑንጻግ «ስለ 2012 አንድ ቃል ቢገባ ስሜን ከማኅበሩ አውጡት» ብለው ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። ሦስተኛው ይኸው ነው። በአምስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ጸድቋል። የተቃወሙት አባላት ምክንያታቸውን በቃለ ጉባኤው አስፍረዋል፤ መብታቸው ነው።

ዶክተር ኾርሎ እ.ኤ.አ. በ1987 በቁፋሮ ሥዕል ሠራተኛነት ወደ ሻርሞድ መጡ። ሥራቸው የሌላ ሰው ቁፋሮ የገለጠውን ድንጋይ በወረቀት ላይ መንደፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አለቃቸው የዘለሉትን የድንጋይ ረድፍ ነድፈው ስላስገቡ ተቆጧቸው። ረድፉ ግን መሬት ላይ ነበረ፤ አለቃው ሄደው አዩት፤ ቁጣውም በዚያው ቀረ።

በ1994 ማኅበሩ ሲመሠረት ሸለቆውን በፈረስ ዞረው ቆጠሩ። የመንግሥት መዝገብ በወቅቱ የሚያውቀው ዘጠና መቃብር ብቻ ነበር። እሳቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት አገኙ። ከነዚህ ሠላሳ አንዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ይህን ሜዳ የገዙት የሁንኑ መሳፍንት መቃብሮች ናቸው፤ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ክምር ከላይ፣ በደቡብ በኩል ተንሸራቶ የሚወርድ ረጅም መግቢያ፣ ከሥር ደግሞ እስከ አሥራ ስድስት ሜትር ጥልቀት ድረስ የተቀበረ የግንድ ቤት። አዲስ አገኙ ማለት አይደለም። እረኞቹ ሁሉንም ያውቋቸው ነበር፤ ጠያቂ ነው ያጡት።

በ2003 ከአምስተኛው መቃብር ቀይና ጥቁር ቀለም የተቀባ የእንጨት ጽዋ ወጣ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከእርጥብ አፈር ወጥቶ ከደረቀ በሰዓታት ውስጥ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ዶክተር ኾርሎ ጽዋውን በእርጥብ ሱፍ ጠቅልለው በወተት ባልዲ ውስጥ አኖሩት፤ ባልዲውን ጭናቸው ላይ አድርገው አሥራ አንድ ሰዓት በመኪና ተጉዘው ዋና ከተማ አስገቡት። በየወንዙ እየወረዱ ውሃ ይለውጡለት ነበር። ጽዋው ዛሬ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የእሳቸውን ስም አይጠቅስም፤ ከ2013 በኋላ የተጻፈ ስለሆነ ነው። ወደዚያ ዓመት እንመጣለን።

በ1998 የመስክ ኃላፊ ሆነው እንደተሾሙ መጀመሪያ የደነገጉት የጭራ ሕግ ነው። የሻርሞድ አፈር አሸዋማ ነው፤ ቁፋሮው ሲጠልቅ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የቆየ ይሁን ገና የሚሰፋ በዓይን አይለይም። ስለዚህ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የእንጨት ችካል ተተክሎ በመካከላቸው አንዲት የፈረስ ጭራ ፀጉር ተወጥራ ትታሰራለች። ጭራዋ ከወንድ ፈረስ እንጂ ከባዝራ አትወሰድም፤ የባዝራ ጭራ ሽንት እየነካው ይሳሳል። ግድግዳው የጥፍር ውፍረት ያህል ከተንቀሳቀሰ ፀጉሯ ትበጠሳለች። ማለዳ ማለዳ ሌላ ሰው ከመውረዱ በፊት አንድ ሰው ወርዶ ጭራዎቹን ያያል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባል የለ። በአሥራ አራት ዓመት አምስት ጊዜ ተበጥሰው አምስት ጊዜ ሥራ ቆሟል፤ ሁለቱን ጊዜ ግድግዳው ባዶ ጉድጓድ ላይ ወርዷል። በእሳቸው ዘመን አንድም ሰው አልተጎዳም።

ከዚህ በታች ያለው ከሰፈሩ ዕለታዊ መዝገብ፣ ከአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤና ጉድጓድ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ቃል የተወሰደ ነው።

በ2012 ኦገስት መጀመሪያ ላይ የሰባተኛው መቃብር ቁፋሮ አሥራ አምስት ሜትር ደርሶ የግንድ ቤቱ ጣራ ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። እንጨቱ የነካው አፈር መጥቆር ጀምሯል። ለኦገስት 11 እንግዶችና ቴሌቪዥን ተጠርተዋል፤ ለክብራቸውም የፈረስ ሩጫ ተዘጋጅቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ዘነበ።

ኦገስት 9 ማለዳ ጭራዎቹን የማየት ተራ የአቶ ጎንቺግ ነበር። አቶ ጎንቺግ ከሸለቆው ሰዎች ከሁሉም በፊት ከማኅበሩ ጋር መሥራት የጀመሩ፣ በግራ እጃቸው ከሌላው ሁለት እጅ የበለጠ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ወርደው አዩ፤ ወጥተው «ሁሉም ደህና ነው» አሉ። አሥራ አንድ ሰው ወረደ። እሳቸውም ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበሩ፤ ባልዲያቸውን ይዘው ምዕራባዊው ግድግዳ ሥር ገቡ።

ዶክተር ኾርሎ አራት ሰዓት ላይ ወረዱ። ምዕራባዊው ግድግዳ ላይ ወዳለችው አራተኛዋ ጭራ ሄደው ጥቂት ቆሙ። ጭራዋ ተወጥራለች፤ መካከሏ ላይ ግን ትንሽ ቋጠሮ አለባት። ምንም አልጠየቁም። ወደ መሰላሉ ተመልሰው በተለመደው ድምፃቸው ተናገሩ።

«ሻይ ቀርቧል። ሁላችሁም ውጡ።»

«እትዬ፣ አሁን እኮ ነው ጠጥተን የወረድነው» አለች ሥዕል ሠራተኛዋ።

«ደግማችሁ ትጠጣላችሁ።»

«ይቺን ባልዲ ልሙላና…» አለ አንዱ።

«ባልዲዋን ተዋት። ባልዲ ሻይ አይጠጣም።»

አንዱ ቀልደኛ መሰላሉ ላይ ሆኖ «እትዬ ኾርሎ ዛሬ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ሥራ አስፈትተው ድግስ ጠሩን» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። እየሳቁ ወጡ። ከሥር እስከ አፍ አራት መሰላል አለ፤ አሥራ አንድ ሰው አንድ በአንድ ለመውጣት ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጀበት። ያን ሁሉ ጊዜ ዶክተር ኾርሎ ግድግዳው ሥር ቆመው ጭራዋን ያዩ ነበር። ጮኸው ቢሆን ኖሮ ሁሉም መሰላሉ ላይ ይረባረብ ነበር፤ መሰላሉ ደግሞ የተደገፈው ያንኑ ግድግዳ ነው። ይህን ያወቁት ከላይ ከደረሱ በኋላ መሆኑን ሁሉም በቃላቸው አስፍረዋል።

መጨረሻ ላይ እሳቸው ወጡ። «መሰላሎቹን ሳቡ» አሉ።

«እትዬ፣ ሻዩስ?»

«የለም። አፍሉት።»

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ፕሮፌሰር ፑንጻግ እንግዳ ለመቀበል ሰፈሩ ሲደርሱ አራቱ መሰላሎች መሬት ላይ ተደርድረው ዶክተር ኾርሎ ላያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የተነጋገሩት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው።

«መሰላሉ ለምን ወጣ?»

«አራተኛዋ ጭራ ተበጥሳለች።»

«የታለች?»

«ተቋጥራለች።»

«ተበጥሳለች ነው ተቋጥራለች? ማን ቋጠራት?»

«አላውቅም።»

«ኾርሎ፣ ከነገ ወዲያ እንግዶች ይመጣሉ። ጣራው ሁለት ክንድ ነው የቀረው። አንቺ በአንዲት የፈረስ ፀጉር የስንት ዓመት ልፋት ልታስቀሪ ነው?»

«እኔ የማየው ግድግዳውን ነው።»

«ግድግዳው ቆሟል እኮ።»

«አሁን ቆሟል።»

«እንግዲያው እኔ ራሴ እወርዳለሁ።»

«መሰላል የሚፈልግ እኔን አንሥቶ ይውሰድ፤ እርስዎም ቢሆኑ።»

ማንም አላነሣቸውም።

ግድግዳው በዚያ ቀን አልወደቀም። በማግስቱም አልወደቀም። እንግዶቹ መጥተው ባዶ ጉድጓድ አይተው፣ የበግ ሥጋ በልተው፣ ሩጫውን ተመልክተው ሄዱ። ሳምንት ሆነ፤ ግድግዳው ቆሟል። በአሥረኛው ቀን ሸለቆው ማሾፍ ጀመረ። ዕዳውን የማይከፍል ሰው «የኾርሎ ግድግዳ ሲወድቅ እሰጥሃለሁ» ይል ነበር፤ ይህ ቀልድ እስካለፈው ዓመት ድረስ ይሰማ ነበር። እሳቸው በየማለዳው ከጉድጓዱ አፍ ሆነው በመነጽር ይመለከታሉ፤ ማንንም አያስወርዱም፤ ራሳቸውም አይወርዱም። ኦገስት 28 ውርጭ ሳይመጣ ከመንገድ ሠሪዎች ዶዘር ለምነው፣ ትእዛዙን ብቻቸውን ፈርመው ጉድጓዱን በአፈር ሞሉት። አሥራ አምስት ሜትር በባልዲ የወጣ አፈር በሦስት ቀን ተመለሰ። ዶዘሩ የመጀመሪያውን አፈር ሲገፋ ፊታቸውን እንዳላዞሩ ያዩ ሰዎች ይናገራሉ።

አጣሪ ኮሚቴው በኦክቶበር ተቀመጠ። አቶ ጎንቺግ ተጠየቁ።

«በዚያ ማለዳ የተበጠሰ ጭራ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ቋጠሮ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

ዶክተር ኾርሎም ተጠየቁ። «ጭራዋን የቋጠረው ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ቋጠሮውን ራስዎ እንዳላደረጉት በምን እናምናለን?»

«ማመን የእናንተ ነው።»

ከዚህ በኋላ የተጻፈውን እንዳለ እናቀርባለን፤ የጻፍነው እኛ ነን። «ኃላፊዋ በተጨባጭ ማስረጃ ያልተደገፈ ሥጋትን ምክንያት በማድረግ የማኅበሩን ሥራ ያስተጓጎሉ፣ የበላይ ትእዛዝ የጣሱ ሲሆን፣ ማስረጃ አድርገው ያቀረቡትን ቋጠሮ ራሳቸው የፈጠሩት ስላለመሆኑ ኮሚቴው እርግጠኛ አይደለም።» ቃላቱ ተጠንቅቀው ተመርጠዋል። ውሸታም ናቸው ላለማለት ውሸታም ናቸው የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ዘጠኝ እጅ ተነሣ፤ ተቃውሞ አልነበረም። ከመስክ ታግደው ወደ ቅርስ ማከማቻ እንዲዛወሩ ተወሰነ። ደብዳቤው በጁን 2013 በቁፋሮ ሰፈሩ፣ በሰባተኛው መቃብር አፍ ላይ፣ በሠራተኞችና በአርብቶ አደሮች ፊት፣ እሳቸው ቆመው በድምፅ ተነበበ። ያነበቡት የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ዳምባ ሎዶይ ናቸው። ይህን መግለጫ የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ኾርሎ አሥራ አንድ ዓመት ማሞቂያው በማይደርስበት ምድር ቤት ውስጥ ሠሩ። ስድስት ሺህ አራት መቶ የዛገ ብረት ስብርባሪ ለይተው መዘገቡ፤ የልጓም ብረት ከሠረገላ ብረት፣ የሠረገላው ከሬሳ ሣጥን ጌጥ። ዛሬ ስለ ሁንኑ ሠረገላ የሚጽፍ ሁሉ ይህን መዝገብ ሳይከፍት አይጽፍም። ወቀሳው እንዲነሣላቸው አንድም ቀን አላመለከቱም። የማከማቻው ባልደረባቸው ለምን እንደማይከራከሩ ሲጠይቋቸው «የሞላሁትን አፈር አንድ ቀን ያወጡታል፤ ያኔ ያዩታል። እኔን ምን አስቸኮለኝ?» ብለው ነበር።

አፈሩ ዘንድሮ ወጣ። ሰባተኛው መቃብር በአዲስ ቡድን፣ በብረት ድጋፍ፣ እንደገና ተከፈተ። ጁላይ 30 የምዕራቡ ግድግዳ ድጋፍ ሲተከል ብረቱ ግድግዳውን በስቶ ባዶ ውስጥ ገባ። ከግድግዳው ጀርባ፣ ከአንድ ክንድ ብዙም በማይበልጥ አፈር ተለይቶ፣ የጥንት የመቃብር ዘራፊዎች የግንድ ቤቱን ስተው የቆፈሩት ጉድጓድ አለ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ሜትር ይወርዳል፤ ግማሹ ልቅ አሸዋ፣ ግማሹ ባዶ ነው። ከሥሩ የአንድ ሰው አጽም ከነመቆፈሪያው ተገኝቷል፤ አሸዋው ተንዶበት ነው የሞተው። እሱንም «ትንሽ ነው የቀረን» ያለው ሰው ሳይኖር አይቀርም። መሐንዲሱ በሪፖርቱ እንዳሰፈረው ግድግዳው በ2012 ሥራው ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ የሚቆየው ለሰዓታት ወይም ለቀናት ሲሆን፣ ያዳነው በሥሩ የባልዲና የአካፋ ምት መቆሙ፣ በኋላም መሞላቱ ነው። አሥራ አንዱ ሰዎች የሚሠሩት ልክ በዚያ ቦታ ፊት ለፊት ነበር።

ሪፖርቱ ኦገስት 21 ደረሰን። በዚያ ቀን ዶክተር ኾርሎ ቤታቸው ነበሩ፤ ታመዋል፣ ግን ይነጋገራሉ፣ ያነባሉ። ኦገስት 26 አመራሩ ተሰበሰበ። ጉዳዩ የቀድሞ አመራርን ስም ስለሚነካ በጥንቃቄ እንዲያዝና በሴፕቴምበር 20 መደበኛ ስብሰባ እንዲታይ ተወሰነ። እስከዚያ ማንም እንዳይናገር ተባለ። ዶክተር ኾርሎ ሴፕቴምበር 2 ሆስፒታል ገቡ። በዘጠነኛው ቀን ዐረፉ።

በማግስቱ አቶ ጎንቺግ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ወንበር ስንሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ቋጠሮው የኔ ነው» አሉ። «ጭራዋ የዳማ ፈረሴ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ሩጫ ነበረው። ወርጄ ሳያት ተበጥሳለች። የተበጠሰ ነገር በማለዳ በአፍ አይጠራም፤ እናንተም የዚሁ አገር ሰዎች ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ክፉ ከተጠራ ይመጣል። ቋጠርኳት። ሲረፍድ ለኾርሎ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።»

«ኮሚቴው ሲጠይቅዎትስ?»

«ከዚያ በፊት በነበረው ክፉ የበረዶ ክረምት ሁለት መቶ በግ አልቆብኛል። አሥራ ሁለት ነው የቀረኝ። የምኖረው በእናንተ ሥራ ነበር። ፈራሁ። አንዴ የለም ካልኩ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ።»

እውነቱን ከእኛ ቀድመው በሰው ፊት ያወጡ ሰው ስለሆኑ ማኅበሩ አቶ ጎንቺግን አይወቅስም። መውቀስም አይችልም። እሳቸው የተበጠሰችውን ጭራ ቋጠሩ፤ እኛ ሪፖርቱን ቋጥረን ለሴፕቴምበር 20 አስቀመጥነው። ክፉ ወሬ የሚነገርበት ምቹ ቀን ስንጠብቅ ነው ሁላችንም የተቀደምነው። የእሳቸው ሰበብ ቢያንስ ረሃብ ነበር።

አቶ ጎንቺግ ገና ቆመው ሳለ የሟች ባለቤት አቶ ያዳም የዶክተር ኾርሎን የመስክ ማስታወሻ ይዘው ገቡ። የመጡት ማኅበሩ የሚፈልገው ሰነድ ካለ ለመስጠት ነበር። የኦገስት 9 ቀን 2012 ገጽ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «አራተኛዋ ተበጥሳ ተቋጥራለች። ቋጠሮው በግራ እጅ የተቋጠረ ነው። ጎንቺግ ነው። በልቡ ክፋት የለም፤ ራሱም ሥሯ ገብቶ ይሠራ ነበር። ከጠየቁኝ አላውቅም እላለሁ። አሥራ ሁለት በግ ነው ያለው፤ ከሥራ ቢያስወጡት ክረምቱን በምን ይወጣዋል? እኔ ደመወዝተኛ ነኝ።»

ጸሐፊው ጮክ ብለው አነበቡት። አቶ ጎንቺግ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አሉ። «በየዓመቱ ዘመን ሲለወጥ፣ በነጭ ወር በዓል፣ ቤቷ እሄድ ነበር። ትልቁን የሥጋ ቁራጭ ለኔ ነበር የምታነሣልኝ።»

አቶ ያዳም ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም።

በዚህ መሠረት ማኅበሩ በሴፕቴምበር 14 አስቸኳይ ስብሰባው የሚከተለውን ወስኗል። በኦክቶበር 2012 የተሰጠው ወቀሳና እግድ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ሆኖ ተሽሯል። የሽረቱ ደብዳቤ በአገራችን ልማድ ሟች የሚታሰብበት አርባ ዘጠኝ ቀናቸው በሚሞላበት በኦክቶበር 29፣ ወቀሳው በተነበበበት ቦታ፣ በሰባተኛው መቃብር አፍ ላይ ይነበባል፤ የዚያን ጊዜ ያነበቡት ሰው ያነቡታል። በዚያ ቀን ሰፈሩ ላይ የነበሩ አርብቶ አደሮች ሁሉ እንዲገኙ ተጠርተዋል፤ የቀለዱትም ይምጡ። በሙዚየሙ ያለው የጽዋው ጽሑፍ ስማቸውን ጨምሮ እንደገና ይጻፋል። በየቁፋሮው ማለዳ ጭራ የሚያየው ሰው ከእንግዲህ ያየውን በዚያው ቅጽበት ይናገራል፤ ክፉ ቢሆንም፣ ማለዳም ቢሆን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም እንጮኻለን።

ለባለቤታቸው ለአቶ ያዳም፣ ለሴት ልጃቸው፣ በቅርስ ማከማቻው ብርድ አብረዋቸው ለከረሙ ባልደረቦቻቸው፣ ለሻርሞድ ሸለቆ ሰዎችና በዚያች ማለዳ ሻይ ተጠርተው ከጉድጓዱ ለወጡት አሥራ አንድ ሰዎች መጽናናትን እንመኛለን። አሥራ አንዱም ዛሬ በሕይወት አሉ።

አቶ ያዳም ከማኅበሩ የአበባ ጉንጉንም ሆነ የቀብር ወጪ እርዳታ አልፈለጉም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ በጽሑፍ እንድንመልስላቸውም አሳሰቡ። «ከኦገስት 21 እስክትሞት ሃያ አንድ ቀን ነበራችሁ። አልጋ ላይ ሆና ጣራ ስታይ ነበር የምትውለው። ለምን አልነገራችኋትም?»

ማኅበሩ በጥያቄው ላይ ሁለት ሰዓት ተወያይቷል። መልሳችን ይህ ነው፦ መደበኛው ስብሰባ ሴፕቴምበር 20 ስለነበረ ነው። ሌላ መልስ የለንም። ስልካቸውን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024
ስለ ማኅበሩ፣ ዳምባ ሎዶይ፣ ጸሐፊ